«ሲስተሙ አይቀበልም»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጉዱማሌ ነበርኩ። ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ሁለት ልጆች ላፕቶፕ ይዘው መጡ። አንደኛው የሰፈሬ ልጅ ነው። ሁለቱም ዘንድሮ ነው የተመረቁት። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን አሻሽለው ለአንድ መድኃኒት ቤት ሊሸጡት አስበዋል። «ብሮ፣ ደንበኛው ጋ ከመሄዳችን በፊት አንዴ እየው» አሉኝ።

አየሁት። ለጀማሪ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ደረሰኝ ያወጣል፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒት በቀይ ያሳያል፣ የቀኑን ሽያጭ ይደምራል። ከዚያ «የደንበኛ ስም» የሚለው ሳጥን ላይ ገባሁና የአማርኛ መጻፊያዬን ከፍቼ አንድ ስም መጻፍ ጀመርኩ። ምንም የለም። ደግሜ ነካሁት። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ።

«እሱ በእንግሊዝኛ ነው የሚሞላው» አለኝ የሰፈሬ ልጅ።

«ለምን?»

«ሲስተሙ አይቀበልም።»

ቡናዬን አስቀመጥኩ። ልጁ ሊዋሸኝ ፈልጎ አይደለም፤ እውነት መስሎት ነው። እኔም ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ቀለል ባለ ድምፅ፣ ከዓመታት በፊት ለሌላ ሰው ተናግሬዋለሁ። ምን እንዳስከተለም በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለሁለቱ ልጆች፣ ቀጥሎ ኮድ ለሚጽፍ የእኔ ዘመን ሰው ሁሉ ነው። ኮድ የማትጽፉም ግን አንብቡት። ነገ አንድ መስኮት ላይ ቆማችሁ ስማችሁ «አልገባም» ሲባል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በእኛ አገር «ሲስተም የለም» መባል ያልደረሰበት ሰው የለም። ስንባል ምን እናደርጋለን? ሰልፉን ትተን እንወጣለን። ከማን ጋር እንጣላ? ሲስተም ስም የለው፣ ፊት የለው፣ አለቃ የለው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ ይሄ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። «ሲስተሙ አይቀበልም» ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር የሰው ስም አልቀበልም ብሎ አያውቅም። አትቀበል ያለው ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ሦስት መስመር ኮድ ጽፎ የኮራ ወጣት ነው።

የእኔን ሦስት መስመር ልንገራችሁ።

አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍሉን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊያዞር ፈለገና ሥራውን ወሰድኩት። የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም መሥራት ነበረበት። በሲ-ሻርፕ ጻፍኩት። የስም ሳጥኑ ላይ ካምፓስ እያለን «ቫሊዴሽን» ብለን የተማርነውን አደረግኩ። ተጠቃሚው ቁልፍ በነካ ቁጥር ኮዴ ይጠራል፤ የመጣው ፊደል ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ካልሆነ ይጥለዋል። በቃ። ስም ውስጥ ቁጥርና ኮተት እንዳይገባ ዘጋሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ካርድ ክፍሉን የያዙት እናት ረጅም ዘመን በእጃቸው የጻፉ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ላሠለጥናቸው የሄድኩ ቀን ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ በአማርኛ ለመጻፍ የቱን ነው የምጫነው?»

«እትዬ፣ ሲስተሙ አይቀበልም። በእንግሊዝኛ ይሙሉት።»

«እሺ» አሉ። ተከራክረውኝ ቢሆን ምን ነበር?

ከጥቂት ወራት በኋላ ፕሪንተር ላስተካክል እዚያው ካርድ ክፍል ሄድኩ። አንዲት ልጅ ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ በችኮላ መጣች። «እናቴን ፔኒሲሊን እንደማይስማማት እዚሁ ነበር የነገርናችሁ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የለም ይላል። አልተጻፈም እንዴ?» አለች። ተጽፏል። ግን የተጻፈው ሌላ ካርድ ላይ ነው። ስናጣራ እናትየው በሦስት የተለያየ አጻጻፍ ሦስት ካርድ ተከፍቶላቸዋል። ማስጠንቀቂያው የመጀመሪያው ላይ ነበረ፤ የዕለቱ ካርድ ሦስተኛው፣ ንጹሕና ባዶው ነው።

እንዴት እንደሚሆን በአንድ ስም ላሳያችሁ። የሴትዮዋ ስም ፀሐይ ነው እንበል። በላቲን ጻፉት ስትባሉ አንዳችሁ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ትጀምራላችሁ፤ ሌላችሁ በ«ኤስ» ብቻ። መጨረሻ ላይ አንዱ «ዋይ» ያደርጋል፣ ሌላው «አይ»፣ ሦስተኛው «ዋይ» ላይ «ኢ» ይጨምራል። ትክክለኛው የቱ ነው? ሁላችንም የተስማማንበት አጻጻፍ ስለሌለ «ትክክለኛ» የሚባል የለም። ተረኛዋ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በተለወጠች ቁጥር ፀሐይም ትለወጣለች። ፕሮግራሙ ደግሞ የማያውቃትን ፀሐይ አዲስ ታካሚ ናት ብሎ አዲስ ካርድ ይከፍታል።

የዚያን ቀን ልጅቱ አብራ ስለመጣች ሴትዮዋ ተረፉ። ብቻቸውን ቢመጡስ? እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውኑ ሦስቱን መስመር አጠፋሁ። አዲሱን በማግስቱ ጠዋት ጫንኩላቸውና ተገላገልኩ አልኩ። ከሰዓት እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ አሁን አማርኛ ይጽፋል። ግን እየጻፍኩ ይጠፋብኛል።»

«የአማርኛ መጻፊያው ችግር ይሆናል» አልኳቸው። ሳላጣራ ነው ያልኩት። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ የሚደርሰውን እያንዳንዱን የኪቦርድ ኢቨንት ፋይል ላይ እንዲጽፍ አደረግኩና «እትዬ፣ ሰ ብለው ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «ኤስ»ን ነኩ፣ «ኢ»ን ነኩ። ሳጥኑ ጸዳ። ፋይሉን ከፈትኩ። የተጻፈው እንዲህ ነው፦ 231፣ ባክስፔስ፣ 231።

ባክስፔስ? እጃቸውን እያየሁ ነበር። ባክስፔስ አልነኩም። ማንም አልነካም።

እዚህ ላይ ኮድ የማትጽፉ አንባቢዎች ትንሽ ታገሡኝ፤ የጽሑፉ እምብርት ይሄ ነው። ኪቦርዳችሁ ላይ «ኤ» ተብሎ የተጻፈበትን ቁልፍ ስትነኩ ኪቦርዱ ፊደል አይልክም። ቁጥር ነው የሚልከው። በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድ ለዚያ ቁልፍ የሚልከው 4 ነው። 4 ምን ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ የተመረጠው የኪቦርድ አቀማመጥ ነው። የአሜሪካ ከሆነ «ኤ» ይሆናል። የፈረንሳይ ከሆነ ያው 4 «ኪው» ይሆናል። ስለዚህ እንግሊዝኛም ቢሆን በአስተርጓሚ ነው የሚገባው። «ኮምፒውተር የሚያውቀው እንግሊዝኛ ነው» የሚሉን ይህን ይስሙ። ኮምፒውተሩ «ኤ»ንም አያውቃት፣ ሀንም አያውቃት። ሁለቱም ለእሱ ቁጥር ናቸው፤ «ኤ» 65 ናት፣ ሀ ደግሞ 4608።

አማርኛ ላይ አስተርጓሚው የሚሠራው ሥራ ትንሽ ይበዛል። በድምፅ የሚጻፉትን መጻፊያዎች አስቡ፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው እነሱን ነው። «ኤስ» ስትነኩ ስ ይወጣል። ቀጥላችሁ «ኢ» ስትነኩ መጻፊያው ስን አንስቶ በምትኩ ሰን ያስቀምጣል። ሳድሱ ወጥቶ ግዕዙ ይገባል። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ፊደል። ታዲያ ያን ስ እንዴት ነው የሚያነሳው? ፕሮግራሙ በደንብ የተሠራ ከሆነ መጻፊያው «ይሄን ጽሑፍ በዚህ ተካልኝ» ብሎ በቀጥታ ይነግረዋል። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ንግግር የማያውቅ ከሆነ ግን ያለው አማራጭ በእናንተ ስም ባክስፔስ መላክ ነው። ማንም ያልነካው ባክስፔስ ያ ነው። 231 ደግሞ ዊንዶውስ «ከጀርባዬ ቁልፍ የለም፣ ፊደል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ» ለሚል ኢቨንት የሰጠው ቁጥር ነው። አጋጣሚው አስቆኛል፤ የፊደል ገበታችንን 33 በ7 ብታባዙ 231 ነው።

የእኔ ኮድ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ያን ሳጥን መፈለጊያም አድርጌው ስለነበር «ባክስፔስ ከተነካ ሳጥኑን አጽዳና ፍለጋውን እንደ አዲስ ጀምር» ብዬ ጽፌያለሁ። ለፍጥነት! በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግሩም ይሠራል። በአማርኛ ግን ሰዉ አናባቢ በነካ ቁጥር ስሙ ይጠፋል። እትዬ አልተሳሳቱም፤ መጻፊያውም አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስህተቴም አንድ ነው፦ ቁልፍና ፊደል አንድ ነገር ናቸው ብዬ አምኜ ነበር።

ይህ እምነት ነው በየቢሮው ያለውን ጣጣ የወለደው። ፊደል ሲቆጥር ቁልፍ የሚቆጥር ፕሮግራም አለ፤ «ስም ቢያንስ ሦስት ፊደል ይሁን» ይላችሁና ሰላም ላይ አምስት ይቆጥራል። ቁልፍ በተነካ ቁጥር የሚፈልግ አለ፤ ሰላምን ስትጽፉ መጀመሪያ በስ የሚጀምሩትን ሁሉ ያግተለትላል። «ኤን» ሲነካ አዲስ ገጽ የሚከፍት አለ፤ ን መጻፍ የፈለገ ሰው በየመሃሉ አዲስ ገጽ ይከፈትበታል።

እኛ ብቻም አይደለንም። ጃፓኖችና ቻይናዎች ሲጽፉ ቃሉ መጀመሪያ በረቂቅ ይታያል፤ ከዚያ «ኢንተር» ነክተው ያጸድቁታል። ኢንተርን «ላክ» ብሎ ብቻ የተረጎመ ፕሮግራመር ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ይልክባቸዋል። ለዚህ ዊንዶውስ 229 የሚል ሌላ ቁጥር አለው፤ «ይሄን ቁልፍ መጻፊያው ወስዶታል፣ አንተን አይመለከትህም» ማለት ነው። ቬትናሞች ደግሞ የሚጽፉት በላቲን ሆኖ እንኳ ፊደሉ ላይ የሚጨመረው ምልክት እንደ እኛው አናባቢ የቀደመውን ፊደል እየተካ ስለሚገባ፣ ማንም ያልነካውን ባክስፔስ በደንብ ያውቁታል። ችግሩ የታወቀ ነው፣ መፍትሔውም የታወቀ ነው። እኛ ጋ የጎደለው አንድ ነገር ነው። የራሳችንን ሶፍትዌር በራሳችን ፊደል ሳንሞክር እንሸጣለን።

ይሄ ደግሞ ከፊታችን የነበሩትን ሰዎች ውለታ መብላት ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲታሰብ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የታገሉት ከብረት ጋር ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ለእያንዳንዱ የብረት እጅ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ አካሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ እየመቱ አንዱን ፊደል በሁለት ምት መጻፍ መጣ። የፊደሉ ቅርጽ ተጣመመ፣ ብዙ ሰው ቅር አለው። ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል፣ ለመኪና ይመች የሚለው ክርክርም ለአሥርት ዓመታት ሄደ። እነሱ ምክንያት ነበራቸው፤ ብረት አይለመንም።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹም በውጭ አገር ሆነው፣ በየፊናቸው ሠሩ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉትን ስሞች ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እያንዳንዱ የየራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ኮተት ይሆናል። ፍላሽ ይዞ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት የዞረ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ያ ጣጣ መፍትሔ አገኘ። ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ ሁሉ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ላኦ ለሚባለው ቋንቋ ታስቦ የተጀመረው ኪይማን ዛሬ በነጻ አማርኛ ያጽፋል። ሊኑክስም የራሱ አለው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቁጥሩ አለ፣ ፎንቱ አለ፣ መጻፊያው አለ። ከታካሚዋ ስም እስከ መዝገቡ ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ተጠርጓል። የመጨረሻዋ አንድ ክንድ ላይ እኛ፣ የገዛ ልጆቿ፣ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» የሚል አጥር አጥረን ቆመናል። የድሮዎቹን የከለከላቸው ብረት ነው። እኛን ምን ከለከለን?

ይህን ሳነሳ የሚሰጡኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ወጣቱ ራሱ እኮ በላቲን ነው የሚጻጻፈው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ እኔም ለጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ በላቲን እጽፋለሁ። ግን ጓደኛዬ ስሜን እንዴትም ብጽፈው ያውቀኛል። መዝገብ አያውቀኝም። መዝገብ የሚያውቀኝ በጻፍኩት ፊደል ብቻ ነው። ለጨዋታ የመረጥነውን አጻጻፍ ለክሊኒክ፣ ለውርስ፣ ለባንክ ደብተር ግዴታ ማድረግ ምርጫ አይባልም።

«አማርኛውም ቢሆን ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያለ ይለያያል» ይሉኛል። ይሄኛው ቁም ነገር አለው። ፀሐይን በፀ ወይም በጸ፣ ሁለተኛውን ፊደል ደግሞ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ መጻፍ ይቻላል። ሁለት በስድስት፣ 12 አጻጻፍ። ግን አሥራ ሁለቱንም አስቀድመን እናውቃቸዋለን። ስሙን ሰው እንደጻፈው እናስቀምጣለን፤ ለፍለጋ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ሠንጠረዥ እንሠራለን። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የላቲኑ አጻጻፍ ግን እንደ ጸሐፊው ስሜት ነው፤ እንደዚህ ያለ ቁርጥ ያለ ሠንጠረዥ አይወጣለትም።

«ዴስክቶፕ ሞቷል፣ ሁሉም ነገር ስልክና ዌብ ሆኗል» ይሉኛል። መጀመሪያ በየካርድ ክፍሉ፣ በየመጋዘኑ፣ በየደረሰኝ መቁረጫው ያለውን ኮምፒውተር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ዌብም አያድናችሁም። አንድሮይድ ስልክ ላይ በክሮም ስትጽፉ ብዙ ጊዜ ለየትኛውም ፊደል የሚመጣው የቁልፍ ቁጥር ያው 229 ነው። ቁልፍ እየሰማ ፊደል የሚገምት ኮድ እዚያም ይወድቃል።

አራተኛው መልስ በጣም የሚያናድደኝ ነው፦ «ደንበኛው አልጠየቀም።» እትዬ ጠይቀውኛል። በግልጽ፣ በአማርኛ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ጠይቀውኛል። «አይቀበልም» አልኳቸው፣ እሳቸውም እሺ አሉ። የተማረ ሰው ተናገረ ብለው አመኑኝ። ስንቱ ደንበኛ ነው እንዲህ ጠይቆ፣ መልሳችንን አምኖ ዝም ያለው?

ይሄ የአማርኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምኖረው ሀዋሳ ነው። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ ሲዳምኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። «ታዲያ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» በቂ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ሲዳምኛ ውስጥ ከጉሮሮ ቆረጥ የሚለውን ድምፅ የምትወክለው ከፊደሉ አናት ጎን የምትንጠለጠለዋ ጭረት ናት፤ አፖስትሮፍ የምንላት። የእኔ ሦስት መስመር እሷንም ይጥላት ነበር። ብዙ ፕሮግራመሮች ዳታቤዝ ታበላሻለች ብለው ሆን ብለው ይከለክሏታል። ዳታቤዙን የሚያበላሸው ጥያቄውን ከተጠቃሚው ጽሑፍ ጋር ቀጥሎ መስፋት ነው፤ ጽሑፉን በፓራሜትር ለይታችሁ ከላካችሁ ጭረቷ ማንንም አትነካም። የሰውን ስም ቆርጦ ዳታቤዝ አዳንኩ ማለት ግን እግር ቆርጦ ጫማ ልክ ገባ እንደማለት ነው።

ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጫምባላላን በየዓመቱ ተሰብስቦ የሚያከብርበት ቦታ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ዓለም የመዘገበውን በዓል ለማክበር ጉዱማሌ የሚመጡት እናት፣ ሲመለሱ ራስ ምታት ይዟቸው መድኃኒት ቤት ጎራ ቢሉ ስማቸውን በትክክል የማይጽፍ መዝገብ ይጠብቃቸዋል። ከዛፉ ሥር ሆኜ ለልጆቹ ያልኩት ይህንን ነው።

ከዚያ ምን እናድርግ አሉኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም።

ቁልፍን ለትእዛዝ ብቻ ስሙ። ኮንትሮል ከ«ኤስ» ጋር ለማስቀመጥ፣ «ኤፍ 2» ለማረም፣ «ኢስኬፕ» ለመውጣት። ሰው ስም በሚጽፍበት ሳጥን ውስጥ ግን ቁልፉን ተዉት፤ ጽሑፉን ጠይቁት። ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ «ቴክስት ቼንጅድ»፣ ጃቫ ስዊንግ ላይ «ዶኪዩመንት ሊስነር»፣ ኤሌክትሮን ላይ «ኢንፑት» የሚባሉት ኢቨንቶች ለዚሁ ነው የተፈጠሩት። ኪዩት ላይ የራሳችሁን ሳጥን ከባዶ ከሠራችሁ ደግሞ «ኪይ ፕረስ ኢቨንት» ብቻውን አይበቃም፤ «ኢንፑት ሜተድ ኢቨንት»ንም መቀበል አለባችሁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ተዘጋጅቶ ያለውን የጽሑፍ ሳጥን መጠቀም ነው። እሱን የሠሩት ሰዎች ባክስፔስን እኛ ከምናውቀው በላይ ያውቁታል።

ባክስፔስን ሌላ ሥራ አትስጡት። ኢንተርን ስትሰሙ ሰውዬው ገና እየጻፈ እንዳልሆነ አረጋግጡ። ቁጥር እንዳይገባ መከልከል ከፈለጋችሁ ፊደል መሆኑን ዩኒኮድን ጠይቁት፤ ሲ-ሻርፕም ጃቫም ለዚህ ዝግጁ ፈንክሽን አላቸው፣ ሀም ፊደል እንደሆነች ያውቃሉ። አፖስትሮፏን አሳልፏት። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ የስም ዓምዱን «ኤንቫርቻር» አድርጉት፤ ያለዚያ ያ ሁሉ ልፋት የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይቀራል። ያን ሰልፍ ደረሰኝ ላይ ያላየ የለም።

ለመሞከሪያም አንድ ቃል ሰጠኋቸው፦ ጉዱማሌ። በድምፅ የሚጻፍ መጻፊያ ላይ ስምንት ቁልፍ ነው፣ በብዙዎቹም መጨረሻው ላይ ሺፍት አለበት። የሚወጣው አራት ፊደል ነው። ግ ጉ ይሆናል፣ ድ ዱ ይሆናል፣ ም ማ፣ ል ሌ። አራት ጊዜ መተካት አለ። የስም ሳጥናችሁ ላይ ጻፉት። ከመሃል አንዱን ፊደል አጥፉና መልሳችሁ ጻፉት። አስቀምጡት። ዝጉትና ፈልጉት። ደረሰኝ ላይ አትሙት። ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም ጉዱማሌ ከሆነ ፕሮግራማችሁ ለሽያጭ ቀርቧል። ካልሆነ ገና ነው።

የሰፈሬ ልጅ እዚያው ላፕቶፑን ከፈተ። የስም ሳጥኑን ኮድ አገኘው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ያው ሦስት መስመር ነው፣ የእኔው። ከማን ተማረው? ከማን እንደተማርኩትም እኔ አላስታውስም። እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይኖራል። አጠፋውና ጉዱማሌ ብሎ ጻፈ። ወጣ። አስቀመጠው። ከፈለገው በኋላ ግን ሳቀ፤ ዝርዝሩ ላይ የመጣው አራት የጥያቄ ምልክት ነበር።

«ሲስተሙ…» ብሎ ጀመረና አየኝ። አቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ዓምዱን ቫርቻር ነው ያደረግኩት።»

ቡናዬ ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ አዘዝኩ፤ ለእነሱም ጭምር። ሰኞ መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲሄዱ የመጀመሪያውን የደንበኛ ስም በአማርኛ እንዲያስገቡ ቃል አስገባኋቸው። እትዬ እስከ ዛሬ እዚያው ካርድ ክፍል ናቸው። ስማቸውን በገዛ መዝገባቸው ላይ በፊደላቸው ጽፈው ያሳዩኝ ቀን «ታዲያ ያኔ ለምን አይቀበልም አልከኝ?» ብለው ጠይቀውኛል። የምመልሰው አጥቼ ነበር። መልሴ ይሄ ጽሑፍ ነው።